ሬኖ ኤፍቲ፦ ለሁለት ሰው የተሠራው ትንሽ ታንክ

በዜና ምስል የምናያቸው ታንኮች የተሠሩበት አገር ቢለያይም የውስጣቸው አቀማመጥ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሹፌሩ ከፊት ይቀመጣል፤ መድፉ መሃል ላይ፣ ዙሪያውን በሚዞር ማማ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። የእስራኤሉ መርካቫ ሞተሩን ከፊት ማድረጉ ሁልጊዜ ለብቻው የሚነሳው ከዚህ ልማድ ስለወጣ ነው። ልማዱን የጀመረው ግን ግዙፍ ማሽን አልነበረም። ክብደቱ 6.5 ቶን፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የፈረንሳይ ታንክ ነበር፤ ሬኖ ኤፍቲ።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ታንክስ እሱ ነው?

«ኤፍቲ» የሬኖ ፋብሪካ ለአዳዲስ ሥራዎቹ በፊደል ተራ ከሚሰጣቸው መለያዎች አንዱ ነው። ከእሱ በፊት «ኤፍኤስ» የሚባል ሥራ ስለነበረ ተራው «ኤፍቲ» ሆነ። ፊደሎቹ የምንም ቃል ምሕጻር አይደሉም። ብዙ ቦታ «ኤፍቲ 17» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ በኋላ በልማድ የተጨመረ እንጂ የፋብሪካው ስም አይደለም።

የመጀመሪያው ታንክም አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ማርክ 1 የተባለውን ታንካቸውን መስከረም 15 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦር ሜዳ አሰልፈዋል። ፈረንሳዮች ራሳቸው ከኤፍቲ በፊት ሽናይደርና ሳን ሻሞን የተባሉ ሁለት ታንኮች ነበሯቸው። ኤፍቲ የሚለየው ዙሪያውን የሚዞር ማማ ይዞ በብዛት የተመረተና ጦርነት የገባ የመጀመሪያው በመሆኑ ነው።

«ቀላል» የሚለው ቃልም በአማርኛ ያሳስታል። ቀላል ታንክ ማለት ክብደቱ የቀለለ ማለት ነው እንጂ ለመሥራት ወይም ለመንዳት የማያስቸግር ማለት አይደለም። ከታች እንደምናየው ኤፍቲ ለሚነዱት ሰዎች ፈጽሞ ቀላል አልነበረም።

ከእሱ በፊት የነበሩት ምን ጎደላቸው?

በ1915 ፈረንሳይና እንግሊዝ ከጀርመን ጋር በሚዋጉበት በምዕራቡ ግንባር ጦርነቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይል ባለበት ቆሞ ነበር። ሁለቱም ወገን ምሽግ ቆፍሮ፣ ከፊቱ እሾሃማ ሽቦ ዘርግቶ፣ ከሽቦው ኋላ መትረየስ ጠምዷል። እግረኛ ወታደር ሜዳውን ሊሻገር ሲነሳ ሽቦው ይይዘዋል፤ መትረየሱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሽቦውን የሚረግጥ፣ ምሽጉን የሚሻገር፣ ጥይት የማይበሳው ተሽከርካሪ አስፈለገ።

የመጀመሪያው መፍትሔ ትልልቅ የብረት ሳጥን ነበር። ማርክ 1 ወደ 28 ቶን ይመዝናል፤ ስምንት ሰው ይይዛል። ሞተሩ ሰዎቹ መካከል ስለተቀመጠ በሙቀቱና በጭሱ ይታፈናሉ፤ ድምፁም አያነጋግራቸውም። መድፎቹ በግራና በቀኝ ጎን ስለወጡ አንዱ መድፍ በሌላው ወገን ያለውን ጠላት ሊመታ አይችልም። የፈረንሳዩ ሽናይደር 13 ቶን ተኩል ገደማ፣ ሳን ሻሞን 23 ቶን ነበሩ። ሁለቱም የተነሱት ሆልት ከተባለው የአሜሪካ የእርሻ ትራክተር ሰንሰለት ነው፤ የብረት አካላቸው ከሰንሰለቱ አልፎ ወደ ፊት ስለወጣ ጉድጓድ ሲገጥማቸው አፍንጫቸው መሬት ውስጥ ይተከላል።

ሚያዝያ 16 ቀን 1917 ፈረንሳዮች ቤሪ ኦ ባክ በተባለ ቦታ ከ120 በላይ ሽናይደሮችን አሰለፉ። ከ50 በላይ የሚሆኑት ወድመው ቀሩ። የጀርመን መድፈኞች ያነጣጠሩት በቀስታ በሚሄድ ትልቅ ኢላማ ላይ ነው፤ የቤንዚን መያዣቸው በቀላሉ ይመታ ስለነበር ብዙዎቹ ሰዎቹን እንደያዙ ተቃጠሉ። ኤፍቲን የነደፉት ሰዎች ሥራቸውን ከዚህ ቀን በፊት ጀምረው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን «ትልቅ ይሻላል» የሚለው ክርክር አቅሙ ደከመ።

ሐሳቡ ከማን መጣ?

የፈረንሳይ ታንክ አባት የሚባለው የመድፈኛ መኮንን ዣን ባፕቲስት ኤስቲየን ነው። በታኅሣሥ 1915 ለጠቅላይ አዛዡ ለዦፍር ስለታጠቀ ተሽከርካሪ ሐሳቡን ጽፎ አቀረበ። በዚያው ወር የመኪና ፋብሪካ ባለቤቱን ሉዊ ሬኖን ቢያነጋግረውም ሬኖ እንቢ አለ፤ ሰንሰለት ባለው ተሽከርካሪ ልምድ አልነበረውም፣ ፋብሪካውም በሥራ ተጨናንቆ ነበር። በሐምሌ 1916 እንደገና ሲገናኙ ተስማማ። ሥዕሉን በዋናነት የሠራው ሮዶልፍ ኤርንስት ሜትዝማየር ነው። በ1916 መጨረሻ የእንጨት ሞዴል ቀረበ፤ በ1917 መጀመሪያ የመጀመሪያው ናሙና ተንቀሳቀሰ።

የተቃወሙም ነበሩ። አንዳንድ የጦር መሣሪያ ኃላፊዎች ሀብቱ ለከባድ ታንክ ይዋል አሉ፤ ሁለት ሰው የሚይዘው ነገር እጅግ ትንሽ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ኤስቲየን የሚያስበው ግን ስለ አንድ ታንክ አልነበረም። የንብ መንጋን ነበር። ቀፎ የነካ ሰው አንዷን ንብ ቢገድል ሌሎቹ ይወሩታል። መቶ ትልልቅ ታንክ ከመሥራት ሺህ ትንንሽ ሠርቶ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ይሻላል፤ የጠላት መድፈኛ ሁሉንም ለመምታት ጊዜ አይኖረውም። የኤፍቲ ትንሽነት የዚህ ስሌት ውጤት ነው። ያነሰ ብረት፣ ያነሰ ሞተር፣ ያነሰ ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ ይመረታል።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ሰንሰለት በራሱ ብዙ ከተነዳ ቶሎ ያልቃል፤ ከባድ ታንክ ደግሞ ባቡር ካልተገኘ ወደ ግንባር አይደርስም። ኤፍቲን ግን በከባድ ጭነት መኪና ወይም በተጎታች ላይ ጭኖ እስከ ጦር ሜዳው ቅርብ ማድረስ ይቻል ነበር።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

ርዝመቱ ከጭራው ጋር 5 ሜትር፣ ወርዱ 1.74 ሜትር፣ ቁመቱ 2.14 ሜትር ነው። የአንድ መለስተኛ ሚኒባስ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ወርዱ እንዲያውም ያንሳል።

የብረቱ ውፍረት እንደ ቦታው ይለያያል። ማማው እስከ 22 ሚሊ ሜትር፣ ጎንና ፊቱ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጣሪያና ወለሉ ከዚያ ይሳሳል። ይህ የጠመንጃና የመትረየስ ጥይትን፣ የፈነዳ መድፍ ፍንጣሪንም ይመልሳል። በቀጥታ የተተኮሰ የመድፍ ጥይትን ግን አይመልስም። ፊቱ ስምንት ማዕዘን የሆነ፣ ከላሜራ በሪቬት የተገጣጠመ ማማ ያላቸው አሉ፤ ብረት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰበት ክብ ማማ ያላቸውም አሉ። ሙዚየም ውስጥ ሁለቱም ስለሚገኙ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ታንኮች ይመስሏቸዋል።

የማማውን ጥቅም ለመረዳት የእርሻ ማማን ማሰብ ይበቃል። ሰብል የሚጠብቅ ልጅ መሬት ላይ ቢቆም የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው፤ ዝንጀሮ ከኋላው ሲገባ ሮጦ ሊዞር ይገባል። ማማ ላይ ሲወጣ ግን ባለበት ዞሮ በየትኛውም አቅጣጫ ወንጭፉን ያስወነጭፋል። ኤፍቲም ሰውነቱን ሳያዞር መሣሪያውን ብቻ አዙሮ ይተኩሳል። ስለዚህ ማርክ 1 በብዙ መሣሪያና በብዙ ሰው የሚሠራውን በአንድ መሣሪያና በአንድ ተኳሽ ሠራ። ማማውን የሚያዞር ሞተርም ሆነ ጥርስ ያለው ማርሽ የለም፤ ተኳሹም የታንኩ አዛዥም የሆነው ኮማንደር በእጁ ይዞ በትከሻው ገፍቶ ያዞረዋል። ታንኩ ዳገት ላይ ካዘነበለ ማማውን ወደ ላይኛው ወገን መግፋት ጉልበት ይጨርሳል።

መሣሪያው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሆችኪስ መትረየስ ሲሆን 4,800 ጥይት ይያዝለታል። ሁለተኛው ባለ 37 ሚሊ ሜትር ፒዩቶ መድፍ ነው፤ ከ200 በላይ ጥይት ይያዛል። መትረየሱ ሜዳ ላይ ላለ ሰው፣ መድፉ በአሸዋ ከረጢት ወይም በግንብ ኋላ ለተደበቀ መትረየስ ነው። አንድ ታንክ ሁለቱንም ስለማይይዝ በአምስት ታንክ በተደራጀው ቡድን ውስጥ ሁለቱም ዓይነቶች ተቀላቅለው ይሰለፋሉ።

ሞተሩ አራት ሲሊንደር ያለው የሬኖ ቤንዚን ሞተር ነው፤ ጉልበቱ 39 የፈረስ ጉልበት ገደማ። የዛሬ ትንሽ የቤት መኪና ከዚህ ቢያንስ እጥፍ አለው፤ ኤፍቲ በዚህ ጉልበት የተጫነ አይሱዙን የሚያህል ክብደት ጭቃ ውስጥ ይጎትታል። አዝጋሚነቱ ከዚህ ይመጣል። ማርሹ አራት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ነው። ነዳጁ ወደ 95 ሊትር ሲሆን ለስምንት ሰዓት ያህል ያስኬደዋል። ራዲያተሩ የውሃ ፓምፕ የለውም፤ የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል። የሚሰበር ፓምፕ አለመኖሩ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሞተሩ ታንኩ ክፉኛ ሲያዘነብልም እንዳይጠፋ ሆኖ ተሠርቷል፤ ምሽግ ለሚሻገር ማሽን ይህ የግድ ነው።

መሪ የለውም። ሹፌሩ ሁለት ዘንጎች ይይዛል፤ አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን ሰንሰለት ይቆጣጠራል። የቀኙን ዘንግ ሲስብ የቀኝ ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ፍሬን ይይዛል፤ የግራው ሰንሰለት መሄዱን ስለሚቀጥል ታንኩ ወደ ቀኝ ይዞራል። ገበሬ ጥንድ በሬዎቹን የትልም ጫፍ ላይ ሲያዞር አንዱን ገትቶ ሌላውን እንደሚያስኬደው ነው።

ከፊት ያሉት ትልልቅ ጎማዎች ከአካሉ ቀድመው ስለወጡ መጀመሪያ ግድግዳውን የሚነካው ሰንሰለቱ ነው፤ የሽናይደር አፍንጫ ችግር እዚህ የለም። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ከእንጨት ተሠርተው ዙሪያቸው በብረት የታሰረ ነበር፤ በኋላ ሙሉ ብረት ሆኑ። ከታች በእያንዳንዱ ጎን ዘጠኝ ትንንሽ ጎማዎች በባሌስትራ ላይ ተቀምጠዋል። የላይኛውን ሰንሰለት የሚሸከሙት ስድስት ትንንሽ ጎማዎች ያሉበት ሐዲድ ፊቱ በሞላ ወደ ላይ ይገፋል፤ በዚህ ዘዴ ሰንሰለቱ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይቆያል። ሰንሰለት ከላላ ታንኩ ሲዞር ይወልቃል፤ በተኩስ መካከል የወለቀን ሰንሰለት መመለስ ደግሞ ከብረቱ ወጥቶ መሬት ላይ መሥራትን ይጠይቃል። ከኋላ ያለው የብረት ጭራ ታንኩ ምሽግ ሲሻገር ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ይደግፈዋል። በእሱ እርዳታ 1.8 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምሽግ ይሻገራል። ጀርመኖች ይህን ሲረዱ ምሽጋቸውን ማስፋት ያዙ።

ሁለት ሰው እንዴት ይበቃል?

በሰላም መንገድ ይበቃል፤ በውጊያ አይበቃም። ሹፌሩ ከፊት፣ ወለሉ አጠገብ ተቀምጦ በጠባብ ስንጥቅ ያያል። ኮማንደሩ ከኋላው፣ ማማው ውስጥ ቆሞ ወይም በተንጠለጠለ የሸራ ማንገቻ ላይ ተቀምጦ ጠላት ይፈልጋል፣ ያነጣጥራል፣ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ማማውን ይገፋል፣ ሹፌሩን ይመራል፣ ከጎኑ ያሉት ታንኮች ወዴት እንደሄዱ ይከታተላል። የቡድን መሪ ከሆነ ደግሞ ሌሎች አራት ታንኮችን ያዛል። አንዱን ሲሠራ ሌላው ይቀራል። የኤፍቲ ትልቁ ድክመት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከስስ ብረቱም ይብሳል፤ ብረት ሊወፍር ይችላል፣ የአንድ ሰው እጅ ግን ሁለት ብቻ ነው።

የሞተሩ ድምፅ ስለማያነጋግር ኮማንደሩ ሹፌሩን የሚያዘው በእግሩ ነበር። በአሜሪካ ታንከኞች ዘንድ ጀርባውን መምታት «ሂድ»፣ የቀኝ ትከሻውን መንካት «ወደ ቀኝ»፣ የግራውን «ወደ ግራ»፣ ጭንቅላቱን መንካት «ቁም»፣ ጭንቅላቱን ደጋግሞ መንካት «ወደ ኋላ» ማለት ነበር።

ከታንክ ወደ ታንክም ሬዲዮ የለም። መሣሪያ ሳይኖረው ሬዲዮ ብቻ የሚይዝ የተለየ ኤፍቲ ተሠርቶ ነበር፤ ተዋጊዎቹ ታንኮች ግን በባንዲራ፣ በእግረኛ መልእክተኛ ወይም አዛዡ ራሱ በእግሩ እየሄደ ይታዘዙ ነበር። ጥይት በሚዘንብበት ሜዳ ላይ ይህ ማለት ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ዕቅድ መለወጥ አይቻልም ማለት ነው።

ምን ይበላሽበት ነበር?

ታንኮቹን ከጀርመን መድፍ ባልተናነሰ ያቆማቸው የራሳቸው ዕቃ ነበር። ዋናው የፋን ቺንጋ ነው። የራዲያተሩ ፋን አየሩን የሚስበው ሰዎቹ ካሉበት ክፍል አሳልፎ ነው፤ ሞተሩን እያቀዘቀዘ ለሰዎቹም ነፋስ ያመጣል። ቺንጋው ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፤ ውሃው ይፈላል፣ ክፍሉ ይታፈናል። የመጀመሪያዎቹ ቺንጋዎች ጥራት የጎደላቸው ስለነበሩ ቶሎ ይበጠሱ ነበር፤ መለዋወጫም በበቂ አይገኝም። የቤንዚን ፊልትሮውም ደካማ ስለነበር ቆሻሻ እያለፈ ሞተሩን ያደናቅፍ ነበር።

ምርቱም አዝግሞ ጀመረ። በ1917 የተመረቱት 84 ብቻ ናቸው። የብረት ልባሱ በበቂ አልቀረበም፤ በቅርጽ የሚፈሰውን ማማ ለመሥራትም ጊዜ ፈጀ። ሬኖ ብቻውን ስለማይችለው ሥራው ለቤርሊየ፣ ለሶሙአና ለደሎኔ ቤልቪል ፋብሪካዎችም ተከፋፈለ። ጦርነቱ በኅዳር 1918 እስኪያበቃ የፈረንሳይ ጦር 2,697 ኤፍቲ ተረክቧል። ፔታን ጠቅላይ አዛዥ ከሆነ በኋላ ትልቅ ማጥቃት ሳይከፍት የቆየው ታንኮቹና አሜሪካውያኑ እስኪደርሱ ነበር።

ጦር ሜዳ ላይ ምን ሠራ?

የኤስቲየን ዕቅድ ታንኮቹ በብዛት እስኪጠራቀሙ ተደብቀው እንዲቆዩ ነበር። ጀርመኖች በግንቦት 1918 ወደ ማርን ወንዝ ሰብረው ሲገቡ ግን መጠበቅ አልተቻለም። ግንቦት 31 ቀን 1918 ከሬትዝ ጫካ በስተምሥራቅ፣ ፕሏዚና ሻዜል በተባሉ መንደሮች መካከል 30 ኤፍቲዎች ወደ ውጊያ ገቡ። የጀርመኖችን ግስጋሴ ሰበሩ። እግረኛው ግን አብሯቸው ሊዘልቅ ስላልቻለ የያዙትን መሬት ለቀው ተመለሱ። ታንክ መሬት ይወስዳል፤ ወስዶ ግን አይጠብቅም። ሁለት ሰው ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ በየጉድጓዱ የቀረውን ጠላት ሊለቅም አይችልም።

ሐምሌ 18 ቀን 1918 ሶሷሶን አካባቢ ሁኔታው ተለወጠ። የጄኔራል ማንዣን 10ኛ ጦር ከቪሌ ኮትሬ ጫካ ውስጥ ንጋት ላይ ተነሳ። ቀድሞ ማጥቃት ሲታሰብ መድፍ ለቀናት ይደበድብ ስለነበር ጠላት ይነቃል፤ መሬቱም በጉድጓድ ይቦረቦራል። በዚያን ቀን አስቀድሞ ድብደባ አልነበረም፤ ሽቦውን የመርገጥ ሥራ ለታንኮቹ ተሰጠ። በመቶ የሚቆጠሩ ታንኮች፣ ቀላሉም ከባዱም፣ ከእግረኛው ጋር አብረው ወጡ። ጀርመኖች ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ግንባር ወደ ማጥቃት አልተመለሱም።

አሜሪካውያንም ኤፍቲን ከፈረንሳይ ተቀብለው ተዋጉ። በኋላ ጄኔራል የሆነው ጆርጅ ፓተን መስከረም 12 ቀን 1918 ሳን ሚየል ላይ 144 ኤፍቲዎችን ይዞ የገባ ሲሆን በብዛት ያስቸገረው ጭቃው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሜዝ አርጎን ውጊያ በእግሩ ታንኮቹን ሲመራ ቆሰለ። አሜሪካ ኤም1917 የተባለ ቅጂ 950 ብትሠራም ለውጊያው አልደረሱም።

ጀርመኖች የመለሱት በሁለት መንገድ ነው። የሜዳ መድፋቸውን ወደ ግንባር አቅርበው በቀጥታ መተኮስ ጀመሩ፤ ባለ 13.2 ሚሊ ሜትር ትልቅ የማውዘር ፀረ ታንክ ጠመንጃም ሠሩ። የጠመንጃ ጥይት ብረቱን ባይበሳም በማያ ስንጥቁ የሚገባው ቅልጥ ፍንጣሪ የታንከኛን ዓይን ያጠፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የት የት ሄደ?

ከጦርነቱ በኋላ ኤፍቲ በብዙ አገር የመጀመሪያው ታንክ ሆነ። በ1919 ከፈረንሳይ የተመለሰው የፖላንዱ ጄኔራል ሃለር ጦር 120 ያህሉን ይዞ ፖላንድ ገባ፤ በ1920 ከሶቪየት ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋጉባቸው። ፈረንሳዮች የጥቁር ባሕር ወደብ ወደሆነችው ኦዴሳ ወስደዋቸው ከነበሩት አንዳንዶቹ በሶቪየቶች ቀይ ጦር እጅ ወደቁ፤ ሶቪየቶች እነሱን አይተው ከ1920 ጀምሮ በሶርሞቮ ፋብሪካ የራሳቸውን ቅጂ ሠሩ፤ ቁጥሩ 15 ነበር። ስፔን በሞሮኮው የሪፍ ጦርነት ተጠቅማበታለች፤ በመስከረም 1925 አል ሆሴማ የባሕር ዳርቻ ላይ ከመርከብ ካወረደቻቸው ታንኮች መካከል ኤፍቲዎች ነበሩ።

ጣሊያን ደግሞ ፊያት 3000 የተባለውን ከኤፍቲ ንድፍ አሻሽላ ሠራች። ሞተሩ የበለጠ ጉልበት ስለነበረው ፍጥነቱ ከኤፍቲ እጥፍ በላይ ነበር፤ መሣሪያውም ጥንድ መትረየስ ሆነ። ኢትዮጵያም ከ1935ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት በጣት የሚቆጠሩ ፊያት 3000 ታንኮች ነበሯት። የአገራችን የመጀመሪያ ታንኮች የዚህ የፈረንሳይ ታንክ ዘር ናቸው።

በ1940 ለምን አልቻለም?

ፈረንሳይ ጀርመን ሲወርራት ብዙ መቶ ኤፍቲዎችን አሁንም በሥራ ላይ አቆይታ ነበር። አንዳንዶቹ መትረየሳቸው በአዲስ ባለ 7.5 ሚሊ ሜትር ተተክቷል፤ ብረታቸውና ሞተራቸው ግን የ1918ቱ ነው። የጀርመን ባለ 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፍ 16 ሚሊ ሜትሩን ብረት ከሩቅ ይበሳዋል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታንክ በሰዓት 40 የሚሄደውን የጀርመን ታንክ ሊከተልም ሊሸሽም አይችልም። ስለዚህ ለድልድይና ለአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ የተመደቡ ነበሩ፤ ሌላ ታንክ ሲጠፋ ግን ግንባር ተላኩ።

ጀርመኖች ከ1,700 በላይ ማርከው ለአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃና በያዟቸው አገሮች ለመንገድ ቅኝት አዋሏቸው። በኅዳር 1942 አሜሪካውያን ሰሜን አፍሪካ ሲወርዱ ከተኮሱባቸው የቪሺ (ለጀርመን እጁን የሰጠው የፈረንሳይ መንግሥት) ታንኮች መካከል ኤፍቲዎች ነበሩ፤ ከ24 ዓመት በፊት የአሜሪካ ታንከኞች የተማሩበት ያው ታንክ። በነሐሴ 1944ም ፓሪስ ውስጥ በመንገድ ላይ ውጊያ ጀርመኖች ተጠቅመውባቸዋል። የቀሩት ብዙዎቹ ተበታትነው ማማቸው ብቻ ተወሰደ፤ በአትላንቲክ ዳርቻ በሠሩት የኮንክሪት ምሽግ አናት ላይ ገጥመው፣ ከታች አንድ ወታደር ቆሞ በእጁ እየገፋ እንዲያዞረው አደረጉ።